ከመትከላችሁ በፊት አትንቀሉ

ችግኝ መትከልን የሚቃወም ሰው በሁለቱም አገሮቻችን ወዳጅ አያበዛም። ኢትዮጵያ ውስጥ ችግኝ የመንግሥትም፣ የመሥሪያ ቤትም፣ የተማሪም በዓል ሆኗል። እዚህ እስራኤል ደግሞ የዛፎች በዓል ቱ ቢሽቫት በደረሰ ቁጥር የአፀደ ሕፃናት ልጅ ሁሉ እጁን አፈር አስነክቶ ፎቶ ይነሣል። እኔም ከዛፍ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንድ እምነት ጋር ነው፤ ተፈጥሮ የሚድነው ገዝተን፣ ቆፍረን፣ ተክለንና አጠጥተን ነው ከሚለው። ሹምም ሕዝብም፣ ሃይማኖተኛውም ዓለማዊውም የሚስማማበት፣ ማንም የማይጠይቀው እምነት ነው። በከተማችን በፔታ ቲክቫ አጥሮች ላይ የምታርፍ አንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ ግን ሐሰትነቱን ታጋልጠዋለች።

በመጀመሪያ የታወቀችውን ዘመዷን ላንሣ። የአሜሪካው ሞናርክ ቢራቢሮ ከካናዳና ከዩናይትድ ስቴትስ ተነሥቶ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ፣ ማዕከላዊ ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ይከርማል። ብዛቱ የሚለካው አንድ በአንድ ተቆጥሮ ሳይሆን በሸፈነው ደን ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996–97 ክረምት የሸፈነው ከ18 ሄክታር በላይ ነበር። በ2013–14 0.67 ሄክታር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ዝቅ ቢልም ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ምን ነካው? የሜክሲኮ ደን መቆረጥና የአየር ጠባዩ መለዋወጥ ድርሻ አላቸው። ዋናው ክርክር ያለው ግን እርሻው ላይ ነው። በ1996 ፀረ አረም መድኃኒት የማይገድለው የአኩሪ አተር ዘር ገበያ ወጣ፤ በቆሎውም ተከተለ። ገበሬው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሲረጨው ሰብሉ ቆሞ ይቀራል፣ ሌላው ሁሉ ይረግፋል። በሰብሉ መስመሮች መካከል ሲበቅል የኖረ፣ ግንዱ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያፈስ አንድ ተክልም አብሮ ረገፈ። የሞናርክ ትል ከእሱና ከዘመዶቹ በቀር ምንም አይበላም። ሁለት ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ግምት መሠረት፣ ከ1999 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ከዚህ ተክል 58 በመቶው ጠፍቷል። ሞናርክን ላጥፋ ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። ማሳውን ያጸዳ ገበሬ ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ምን ተባለ? ያንን ወተታም ተክል ትከሉ ተባለ! የአሜሪካ ሕዝብም ትእዛዝ አክባሪ ነውና ወደ ችግኝ መሸጫ ተመመ። እዚያ ያገኘው በአብዛኛው ከሞቃታማው አሜሪካ የመጣውን፣ ቀይና ቢጫ አበባ ያለውን፣ በቀላሉ የሚራባውንና ለዓይን የሚያምረውን ዓይነት ነው። ብርድ በማይበረታባቸው እንደ ካሊፎርኒያና ፍሎሪዳ ባሉ ቦታዎች ይህ ተክል ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የአገሬው ዓይነት በክረምት ስለሚደርቅ ከቢራቢሮው ላይ የተራገፈበት ጥገኛ ተሕዋስ አብሮት ይጠፋል፤ ከመሸጫ በተገዛው ላይ ግን እየተከማቸ ሄዶ የሚቀጥለውን ትውልድ ትል ይበክላል። ቢራቢሮውም ምግብ አለ ብሎ ጉዞውን ትቶ እዚያው ይቀራል። በ2022 በካሊፎርኒያ አንዳንድ ካውንቲዎች ሽያጩ ተከለከለ። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት ደግሞ በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች ከሚገኙ 33 ችግኝ መሸጫዎች የተገዙ የወተታሙ ተክል ቅጠሎችን ሲመረምር 61 ዓይነት የፀረ ተባይ ኬሚካል አገኘባቸው። ለቢራቢሮ ተብሎ የተገዛ ምግብ መሆኑ ነው!

አስቀድሞ የነበረውን ባለመንቀል ሊተርፍ የሚችለውን ወጪ ለማወቅ ደግሞ አንድ ቁጥር ይበቃል። የሞናርክን ቁጥር ለመመለስ 1.8 ቢሊዮን ያህል ተጨማሪ የወተታሙ ተክል ግንድ ያስፈልጋል ተብሎ ተሰልቷል። አንድም ሰው ገንዘብ ሳያወጣበት፣ ጉድጓድ ሳይቆፍርለት፣ ሚኒስትር መጥቶ ሪባን ሳይቆርጥለት ይበቅል የነበረ ተክል ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የእኛው ሞናርክ ሌላ ናት። በሳይንስ ስሟ ዳናውስ ክሪሲፐስ ትባላለች፤ የአፍሪካ ሞናርክ የሚሏትም አሉ። ከአሜሪካው ትንሽ ታንሳለች። ክንፏ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ጥቁር፣ በጥቁሩ ውስጥ ነጭ ጣል ጣል ያለበት ነው። ከአፍሪካ እስከ እስያ ተስፋፍታለች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የኋላ ክንፋቸው ነጭ የሆኑትም፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁረት የሌለበትም ይታያሉ። እስራኤል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በሙት ባሕርና በዮርዳኖስ ሸለቆ ቆላ ነው፤ በበጋና ከበጋው በኋላ ባሉት ወራት ግን ወደ ባሕር ዳርቻው ሜዳ ትዘልቃለች። ፔታ ቲክቫም ትደርሳለች።

በቆላው የምትመገበው ተክል ለኛ እንግዳ አይደለም። ጦቢያው ነው፤ በአዋሽ ሸለቆና በመተማ ቆላ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ወፍራምና አመዳም፣ ፍሬው አየር እንደተሞላ ኳስ፣ ሲሰበር ወተቱ የሚንዠቀዠቀው። ሱዳኖች ዑሸር ይሉታል። በ1984 በእግራቸው ወደ ሱዳን የገቡ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ይህ ተክል የሚበቅልበትን ሜዳ ያውቁታል። የጥንቱ አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ቤን ማቲትያሁ ከሰዶም አካባቢ ስለሚገኝ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ፣ ሲይዙት ግን ጢስና አመድ ስለሚሆን ፍሬ የጻፈው ይህንኑ ተክል አይቶ ነው ይባላል። በሙት ባሕር ዳር ኤን ጌዲን የሚጎበኙ ሰዎች ፎቶ ያነሡታል። በመንደራቸው ቢበቅል ግን ያስነቅሉታል።

ፔታ ቲክቫ አካባቢ ግን የቢራቢሮዋ ሲሳይ ጦቢያው ሳይሆን አንድ ስስ ሐረግ ነው። በወንዝ ዳርና በእርጥብ ቦታ ይወጣል፤ በሸምበቆ ላይ፣ ካልሆነም በሽቦ አጥር ላይ ይጠመጠማል። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ አበባው ጥቃቅንና ነጣ ያለ ነው። ሲቀነጠስ ወተት ያፈሳል። እንደ ያርኮን ባሉ ወንዞች ዳርቻ ላይ ሰው ከቁብ ሳይቆጥረው የሚኖር ነገር ነው። ማንም አይሸጠውም፤ ማንም አይገዛውም።

ቅጠሉን ገልብጦ ለማየት የታገሠ ሰው፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት የደረደረ፣ ከጀርባው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ክር ያወጣ ትል ያገኛል። እንደ ተራ አባጨጓሬ ፀጉር የለውም፤ አያሳክክም። መብላት ሲጀምር ዝም ብሎ አይገምጥም። መጀመሪያ የቅጠሉን ዋና ጅማት ከሥሩ ገዝግዞ ይበጥሰዋል። ወተቱ ከተበጠሰው ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የቅጠሉ ክፍል ይጠወልጋል፤ ትሉም ተራምዶ ወደዚያ ይሄድና ሙጫ አፉን ሳይለጉመው ይበላል። እንደ ጦቢያው ያለ መርዛማ ተክል ሲበላ ደግሞ መርዙን በገላው ያከማቻል። ያ መርዝ ቢራቢሮ ከሆነም በኋላ ስለማይለቀው፣ አንዴ የቀመሳት ወፍ ሁለተኛ አትነካትም። መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ እንኳ ሴቷ የዚህችን ቀለም ለብሳ፣ በዚህችው ስም ተከብራ ትኖራለች። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ትባላለች፤ በኢትዮጵያም ሞልታለች። ክንፏን ቀርበው ቢያዩ እንኳ ሁለቱን የማይለዩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ የቢራቢሮ ፍቅራችን ችግር እዚህ ላይ ነው። የምንወደው ክንፉን ነው። ክንፉ ደግሞ ከአበባ አይሠራም፤ ከተበላ፣ ከተበሳሳ፣ ከቆሸሸ ቅጠል ነው የሚሠራው። አበባ ተክሎ ቢራቢሮ የሚጠብቅ ሰው ምግብ ቤት ከፍቶ ማዋለጃ የዘጋ ማለት ነው። ቢራቢሮዋ መጥታ የአበባውን ማር ትጠጣለች፤ ዕንቁላሏን የምትጥልበትን ስታጣ ትሄዳለች።

ወንዱማ ከዚህም የባሰ ነገር ይፈልጋል። ሴቷን የሚያባብልበት ሽታ የሚሠራው ከተወሰኑ አረሞች ውስጥ ከሚያገኘው መርዛማ ንጥረ ነገር ነው፤ ከእነዚህም አንዱ አበባው እንደ ጊንጥ ጅራት የሚጠቀለለው፣ በዚህ አገር በበጋ በጠፍ መሬት ላይ የሚወጣው አመዳም አረም ነው። ተክሉ ሲደርቅ ወንዶቹ በላዩ ያርፉና በእግራቸው እየቧጨሩ ይመጡታል። ደርቆ የሞተ አረም! አትክልተኛው መጀመሪያ የሚያነሣው፣ ጎረቤት ‹ቆሻሻ› የሚለው እሱን ነው። የትኛው ችግኝ መሸጫ ነው የሞተ አረም የሚሸጥልን?

ለመትከል የሚከራከሩ ሰዎች ታሪክን ይጠቅሳሉ፤ ፔታ ቲክቫ ደግሞ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት። በ1878 ከኢየሩሳሌም የመጡ አይሁድ ሙለቢስ በሚባለው መሬት ላይ ሲሠፍሩ የጠበቃቸው ረግረግና ወባ ነበር። ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉትም ለጊዜው ለቀው ወጡ። ሲመለሱ ረግረጉን እንዲያደርቅ ባሕር ዛፍ ተተከለ። በዚያው ዘመን አቅራቢያ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ማገዶ ይሆን ዘንድ ያንኑ የአውስትራሊያ ዛፍ አስመጡ። ሁለቱም ከተሞች ያለ ባሕር ዛፍ በእግራቸው አይቆሙም ነበር ቢባል አልከራከርም። ወባ ሰው ይገድላል፤ ማገዶ የሌለው ከተማም ይፈርሳል።

ነገር ግን የተከለው ሰው በታሪክ ስሙ ሲጻፍ፣ የተመነጠረው ነገር ስም አልተጻፈም። ረግረጉ ወባ ብቻ አልነበረም። ሸምበቆ፣ ደንገል፣ በሸምበቆው ላይ የሚጠመጠም ሐረግ፣ በሐረጉ ላይ የሚያድር ትል ነበር። ከ3,300 ዓመት በፊት ገደማ የአንድ ሹም፣ የኔባሙንን መቃብር ያስጌጠው ግብፃዊ ሠዓሊ ይህችኑ ቢራቢሮ ሥሏታል፤ ሥዕሉ ዛሬ የለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ነው። የሣላት በቤተ መንግሥት አበባ መደብ ላይ አይደለም። በረግረግ፣ በደንገሉ መካከል፣ ከወፎቹ ጋር ነው። ያ ሰው የት እንደምትገኝ ያውቅ ነበር።

ያርኮንም እንዲሁ ነው። በ1955 የምንጮቹ ውሃ በቧንቧ ወደ ነገቭ በረሃ ተወሰደ። ወንዙ ለብዙ ዓመታት የቆሻሻ ፍሳሽ መሄጃ ሆኖ ቀረ። በረሃ ውስጥ ለመትከል ሲባል ያደገ ወንዝ ተነቀለ ማለት እችላለሁ፤ ኋላ ውሃ ሊመለስለት ሲሞከር የፈጀው ልፋት ደግሞ የአሜሪካኖቹን 1.8 ቢሊዮን ግንድ ያስታውሰኛል።

ተፈጥሮ ባለመንካት ይድናል የሚለው ሐሳብ ስንፍና ይመስላል። የዚህ አገር ተፈጥሮ ወዳዶች ከሁሉ የተሳካላቸው ዘመቻ ግን የመትከል አልነበረም። በ1953 የተቋቋመው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ1960ዎቹ፣ የ1963ቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ከወጣ በኋላ፣ ለሕዝቡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሜዳ አበባ አትቅጠፉ። ያን ጊዜ ሰው አኔሞኔና ሳይክላመን በእቅፍ በእቅፍ እየቀጠፈ ይሄድ ነበር፤ መንገድ ዳርም ይሸጥ ነበር። በአንድ ትውልድ ውስጥ ልማዱ ተለወጠ፤ ዛሬ እዚህ አገር የሜዳ አበባ የሚቀጥፍ ልጅ ጓደኞቹ ይጮኹበታል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሰሜናዊው ነገቭ በቀይ አኔሞኔ ሲሸፈን፣ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ መኪና ሞልቶ ሊያይ ይወርዳል። ያን ቀይ ማን ተከለው?

በኢትዮጵያም ምስክር አይጠፋም። ጎንደር ውስጥ በተራቆተው ሜዳ መካከል በየደብሩ ዙሪያ የቆመውን ደን የመንግሥት ዘመቻ አላመጣውም። ሰው አትቁረጥ ስለተባለ፣ አልቆረጠም። በትግራይና በአማራ ክልል ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ተራሮች ያለ ችግኝ ቁጥቋጦ መልሰዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። እኔ በዚያን ዕለት ያሰብሁት፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር በቦታው ምን በቅሎ ነበር የሚለውን ነው። የተተከለው ተቆጥሯል። የተነቀለውንም የሚቆጥር አንድ ሰው ቢመደብ ምን ነበረበት?

ከባድ የሚሆንብኝ ክርክር ከሹማምንት አይመጣም፤ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ነው። ከጎንደር ገጠር ለመጣ ገበሬ ‹መሬቱ ጦም አደረ› ማለት ሐፍረት ነው። ደጁን ዳዋ የዋጠው ሰው ሰነፍ ነው። ጤፍ ሲታረም ወገቡ የተሰበረ ሰው አረምን ቢጠላ ማን ይፈርድበታል? ይህን ክብር አልነካም። የምለው አንድ ነው፤ ፔታ ቲክቫ ውስጥ በዮሴፍታል ሰፈር ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጀርባ ጤፍ የለም። አረሙን ከየትኛው ሰብል ላይ ነው የምናነሣው? በኦሪት ሕግ እንኳ መሬት በሰባተኛው ዓመት እንዲያርፍ፣ ያለ ማረስ እንዲተው ታዟል። የመጨረሻው እንዲህ ያለ ዓመት 2021–22 ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ስለ አትክልት ዋጋ የተደረገውን ንትርክ ነው።

ስለ ሐረጉ ‹መርዝ ነው፣ ልጆች አሉ› ይላሉ። መርዝነቱን አልክድም፤ ዓይን ውስጥ የገባ ወተት ይጎዳል፤ ልጅ ቅጠል እንዳይበላ መምከር ግዴታ ነው። ግን እባካችሁ መንገዱን እዩት። ሮዝና ነጭ አበባ ያለው፣ በዕብራይስጥ ሃርዱፍ የሚባለው ተክል በመንገድ አካፋዮች፣ በመናፈሻዎች፣ በትምህርት ቤት አጥሮች ላይ በማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ተተክሏል፤ በአዲስ አበባ ግቢዎችም አለ። እሱም ከሐረጉና ከጦቢያው ቤተሰብ ነው፤ የልብ መርዙም የጦቢያው ዓይነት ነው። ለምን አይነቀልም? አበባው ስለሚያምር ነው። እንግዲያው ነገሩ የመርዝ አይደለም።

‹ትንኝ ይፈለፍላል› የሚሉም አሉ። በ2024 በጋ የዌስት ናይል ትኩሳት በዚህ አገር ሰው ስለገደለ ስጋታቸውን በቀልድ አላልፈውም። ትንኝ ግን የሚፈለፈለው በቆመ ውሃ ነው፤ ባልዲውን፣ የአበባ ማሰሮውን ሳህንና የተደፈነውን ቱቦ አፍስሱ። ‹ይቃጠላል› ካሉኝ ደግሞ እቀበላለሁ። ከግንቦት በኋላ የደረቀ ሣር ከሕንፃ ሥር መቆረጥ አለበት። ቤታችንን እሳት በልቶ ቢራቢሮ ይትረፍ የሚል ሰው የለም። ከሕንፃው ርቆ በአጥር ላይ የሚሄድ አረንጓዴ ሐረግ ግን ከደረቀ ሣር ጋር አብሮ የሚታጨደው ለምንድን ነው?

‹ለመሆኑ ጠፍታለች ወይ?› ይለኛል የጠነከረው ተቃዋሚ። አልጠፋችም። ከአፍሪካ እስከ እስያ ሞልታለች፤ ለመጥፋት ተቃርባለች ብል እዋሻለሁ። የአሜሪካን መከራ ገልብጠን እዚህ ማልቀስ የለብንም። የኔም ነጥብ እዚያ ላይ ነው። ገና ብዙ ሳለች የሚጠበቅብን ምንም አይደለም፤ እጅን መሰብሰብ ብቻ። የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብም በ1995 ሞናርክ ሞልቶት ነበር። ችግኝ የሚያስፈልገው ሰው ከዘገየ በኋላ ነው፤ የሄደውን መልሶ ለመትከል የተገደደ ሰው ሥራ ደግሞ ሊደነቅ ይገባዋል። የሚያሳዝነኝ ይህን የዘገየ ሰው መድኃኒት ገና ላልታመመ ስፍራ ማዘዛችን ነው። በአንድ በኩል አጥሩ ላይ የበቀለውን ሐረግ ቆርጠን፣ በሌላ በኩል ከችግኝ መሸጫ ቀይና ቢጫ አበባ ያለውን የውጭ ዓይነት በማሰሮ ገዝተን በረንዳ ላይ ስናስቀምጥ፣ ለቢራቢሮ ደግ የሆንን ይመስለናል።

የከተማው ማዘጋጃ ቤት ምን ያድርግ የሚል ካለ፣ ጥያቄዬ ገንዘብ አያስወጣም። በያርኮን ዳርና በየጠፍ መሬቱ አጥር ላይ፣ በበጋው ወራት ሁሉ፣ ከሻቩዖት በዓል እስከ ሱኮት በዓል፣ የሣር ማጨጃው ሞተር ሐረጉን አይንካ። አረም ገዳይ መድኃኒት ከውሃ ዳር ይራቅ። ትምህርት ቤት የቢራቢሮ አትክልት መሥራት ከፈለገ አበባ ከመግዛቱ በፊት ተማሪዎቹን አውጥቶ አጥሩ ላይ ምን እንዳለ ያስቆጥር።

የኔ ሕንፃ ነዋሪዎች በነዋሪዎች ኮሚቴ (ቫዓድ ባይት) ስብሰባ ላይ ይህንኑ ሳቀርብላቸው በትሕትና ሰሙኝ። አንድም ሰው ቢራቢሮን አልጠላም። ሐሳቤን የጣለው አንዲት ሴት ያነሡት ጥያቄ ነው፤ ‹አትክልተኛው በወር ይከፈለዋል፤ አጥሩን ካልቆረጠ ለምን ገንዘብ እንሰጠዋለን?› አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ጉዳዩም በዚያው ታለፈ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሱም አለኝ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም እደግመዋለሁ። ስጡት። ያንኑ ገንዘብ፣ በየወሩ፣ ያንን አጥር ስላልቆረጠ ክፈሉት።